ባትሪ በክላክስ አይፈተንም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃው ላይ አሁንም ያማርርዎታል? ጠዋት ጠዋት ሳልዎ ቀለል አለ ወይስ ጎረቤቱን አሁንም በእሱ ነው የሚቀሰቅሱት? ከሁሉም በላይ ስለ ትንፋሽዎ ይንገሩኝ ብዬ ነው የምጠይቅዎ። እኔ ልቤ እናንተ ዘንድ ከመዋሉ በቀር እጅግ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ፤ ካላመኑኝ ቀሚሴ ይመስክር።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳይሉ። በስልክ ስነግርዎ "እሺ፣ እሺ" ብለው ለእማዬ ያቀብሏታል። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ ለሰው አይሰጥም፤ ስለዚህ መነጽርዎን ያድርጉና እስከ መጨረሻው ይታገሡኝ።

ወሬዬን ከስራዬ ልጀምር። እንደሚያውቁት ባትሪ ፈታሽ ነኝ። ከሱቅ፣ ከሊፍት፣ ከጤና ጣቢያ የሚመጡ፣ ውሃ የማይጨመርባቸው፣ ጥቁር ጡብ የመሰሉ ባትሪዎች ጠረጴዛዬ ላይ ይደረደራሉ። እርስዎ በጭነት መኪና ዘመንዎ ክዳኑን ከፍተው ውሃውን አይተው ይፈርዱ ነበር፤ የእኛዎቹ ግን ድፍን ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ስንት እንዳለ የምናውቀው አድክመናቸው ነው። ጢም እስኪሉ ቻርጅ እናደርጋቸዋለን፣ እናሳርፋቸዋለን፣ ከዚያ አምፖል አብርተንባቸው እስኪዝሉ ሰዓት እንይዛለን። በቁመቱ ምክንያት "ምሰሶ" የምንለው አለቃችን፣ ቮልቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ "እንዴት ነህ" ሲሉት "ደህና ነኝ" የማይል በሽተኛ የለም ይለናል።

በቀደም አንዲት ፀጉር ሰሪ ባትሪዋን ተሸክማ መጣች። ስንለካው ሙሉ ነው፣ ቁጥሩ የሚያስቀና! አምፖሉን ስናገናኝበት ግን ሻያችንን ሳንጨርስ ብርሃኑ ቀላ፣ ጠወለገ፣ ድርግም አለ። ሴትዮዋ፣ ገና አዲስ ነው እኮ፣ ከካርቶኑ እንኳ አልወጣም ነበር ብላ ልትጣላን ተነሳች። ምሰሶም፣ ታዲያ በሽታው እሱ ነው አላት፤ ቻርጅ ሳይደረግ የተቀመጠ ባትሪ በተቀመጠበት ያረጃል። ይህን ስሰማ ክው አልኩ። የእርስዎ ባትሪ ትዝ አለኛ!

መብራት ሲጠፋ የሌሊት መተንፈሻ ማሽንዎን እንዲያሠራ ብዬ በመጀመሪያ ደሞዜ የላክሁልዎን ማለቴ ነው። እናንተ ግን ሳሳችሁለት። እማዬ የልጄ ዕቃ ነው፣ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብላ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው፣ ዳንቴልም አለበሰችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ተቀመጠ። እኔም ሞኟ ያኔ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው መብራት የጠፋ ጊዜ የሆነውን ሚጢጢ ነግራኛለች። እህቴን አይቆጧት፣ ለምኜ ለምኜ ነው ያወጣጣኋት። ባትሪው ገና ጋደም እንዳሉ ከዳዎት፤ እርስዎም ሙቀቱ ነው ብለው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አነጉ። ይባስ ብለው ጠዋት ያንን የጭነት መኪና ክላክስ ከሳጥን አውጥተው ከባትሪው ጋር አገናኙና ሰፈሩን በአንድ እግሩ አቆሙት! ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መኪና መጣብኝ ብሎ በካልሲው ሮጦ ወጣ አሉ። እርስዎም በኩራት፣ ይኸው፣ የልጄ ባትሪ አንበሳ ነው አሏቸው። ሳቄን ስለቀው አብረውኝ የሚሠሩት ምን ነካት አሉ። ኋላ ግን ብቻዬን ስሆን አለቀስኩ።

አባባ፣ ዕድሜዎን ሙሉ የነዱ ሰው ነዎት። ለአፍታ ክላክስ ያስጮኸ ባትሪ ሌሊቱን ያነጋል ማለት እንዳልሆነ ከእኔ በፊት ያውቃሉ። የልጄ ስጦታ ተበላሸ እንዳይባል፣ እኔ እንዳይከፋኝ ብለው ነው ትንፋሽ እያጠረዎት ዝም ያሉት። ኧረ በሞቴ፣ እንዲህ ያለ ፍቅር ይቅርብኝ! እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ሹፌር አንድ ካርቶን ይዟል። አዲስ ባትሪ ነው። የማሽንዎን ያህል በሚበላ አምፖል እኔው ራሴ ፈትኜዋለሁ፤ ስራ ስንገባ የበራ ስንወጣም ይበራ ነበር። መልሼ ሞልቼዋለሁ፤ ዛሬውኑ ቻርጁ ላይ ይሰኩት፣ ከዚያም አይነቀል። ዳንቴል የሚባል ነገር እንዳላይ! አምፖሉንና መለኪያውን አብሬ ልኬያለሁ፤ አሮጌውን በራሱ ቻርጅ ሞልተውና አሳርፈው በጠራራ ፀሐይ ልብስ ሰፊውን ጠርተው ይፈትኑት። አስር ተኩል ቮልት ሲደርስ ያጥፉት፣ ከዚያ በታች ማድከም ይጎዳዋል። ምናልባት ለሬዲዮ ይሆን ይሆናል።

ስንት ሰዓት እንደቆየም ሳይጨምሩ ይንገሩኝ። ሩብ ሰዓት ቢሆንም አይከፋኝም፣ ይስቁበት። ባትሪ ሲሞት ሌላ እገዛለሁ፤ እርስዎን ግን ከየት አመጣለሁ?

እማዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ አልተቀየምኳትም። ሚጢጢን፣ ቁመትሽ በሩን ሳያልፍ አቁሚው ብላለች ይበሉልኝ። ልብስ ሰፊውን ስለ ካልሲው ይቅርታ ይጠይቁልኝ። እርስዎ ደግሞ ዛሬ መብራት ቢጠፋም እንኳ አልጋዎ ላይ ተኝተው ይደሩልኝ።

ልጅዎ፣ ባትሪ ፈታሿ

ከኪራይ ክፍሌ፣ መስኮቱ አጠገብ
እሁድ፣ ጥቅምት 9 ቀን