ይነጥፋል ያልሽው ጡት

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያጣድፍሽ ሳል ለቀቀሽ? ባልሽ አናጢውስ ጣቱን በመዶሻ ሳይመታ ውሎ ይገባል? ሁለቱ ወንዶች ልጆችሽ መደባደቡን ተዉ ወይስ አሁንም ጎረቤት እየገላገላቸው ነው? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ስለሚጠይቅ ነው እንጂ ሰሞኑን ጤንነትሽ ብዙም አላሳሰበኝም። ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ እንዳልልሽ፣ ናፍቆትሽ ጆሮዬ ላይ ስልኩን ከዘጋሽ ቀን ጀምሮ ጥሎኝ ሄዷል። እታለም ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለ።

ለምን በደብዳቤ መጣሽ እንዳትዪ፣ ስልክ ስደውል ቁጥሬን አይተሽ አታነሺም። ብታነሺም እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ ትዘጊያለሽ። ደብዳቤ ግን ሰው ፊት አይዘጋም፤ ብትቀጂው እንኳ ካነበብሽው በኋላ ነው። የናንተን ሰፈር ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር ነገ ስለሚመለስ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ እስከ ሐሙስ ይደርስሻል። ከዚያ ማለፍ የለበትም፣ ምክንያቱም እሁድ ጠዋት አማቴ ልጄን ታቅፈው አውቶቡስ ሊሳፈሩ ነው። አዎ፣ ልጄን። ጡት የሚጠባውን ልጄን ቤታቸው ወስደው በጡጦ ሊያሳድጉት። ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ።

አላደረግኩም እንዳትዪ። ያን በስልክ ያወራን ቀን ባሌ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ እኔ አልጋው ላይ የልጁን ዳይፐር እየቀየርኩ ነበር፣ አማቴ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሽንኩርት እየላጡ። አንቺ ማን እንደሚሰማሽ እንኳ ሳትጠይቂ፣ የእኛ ቤት ጡት ከሦስት ወር አያልፍም፣ ይነጥፋል፣ እኔም ነጥፌ ነው የመጀመሪያዋን ለአያቷ የሰጠኋት፣ እናንተም ስጡት፣ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው አልሽ። ነጥፌ! ላም ናት እንጂ የምትነጥፈው ሴት ትነጥፋለች እንዴ? ምነው ምላስሽን ያዝ ብታደርጊው! አማቴ ቢላውን አስቀምጠው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ባሌን አዩት። «ይኸው፣ የራሷ እህት ተናገረች» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በገዛ ቤቴ ስሜ ጠፍቷል። በጓዳ ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ እሰማለሁ፤ «ያቺ የነጠፈችዋ» ነኝ።

ልጁን አላየሽውም፣ ስለዚህ ልንገርሽ። ሰፈሩ ሁሉ ድንቡሼ ነው የሚለው። ክንዱ ላይ ክር የታሰረ ይመስል ሥጋው ተከፋፍሏል። እንዲህ ያለውን ልጅ ነው እንግዲህ ርቦታል የሚሉኝ። በተወለደ ሰሞን ጡቴ ላይ ተለጥፎ ነበር የሚውለው። ይጠባል፣ ያንቀላፋል፣ ላስተኛው ስል ይነቃል፣ እንደገና ይጠባል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ይብስበታል፤ አንዱን ጡት ሳይጨርስ ሌላውን፣ ሌላውን ሳይጨርስ ያንኑ፤ ሻይ ተቀድቶልኝ ሳልጠጣው ይቀዘቅዝ ነበር። ጡቴም ድንጋይ ያክል ነበር። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ የኔ ሸሚዝ ይርሳል። አማቴ ያኔ ደስታቸው ነው፤ ውኃ ልትቀዳ የመጣችውን ሁሉ እያስቆሙ ስለወተቴ ያወሩላት ነበር። ሊያርሱኝ የመጡ ጊዜ እግራቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን ነገሩ ተለወጠ። ስፌት ቤቱ ቤቴ አጠገብ ስለሆነ ጠዋት አጥብቼው እወጣለሁ፣ ለምሳ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ልጁ ደግሞ ጎበዝ ጠቢ ሆነ። ያዝ ያደርጋል፣ ግጥም ግጥም አድርጎ ይጠጣል፣ በቃኝ ብሎ ይለቃል። ድሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን አሁን እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ ይጨርሰዋል። ለቆ ደግሞ ዓለምን ያያል። መጋረጃ ሲነቃነቅ ይዞራል፣ ድመት ስታልፍ ይዞራል፣ አባቱ ከብየዳ ሥራው ገብቶ በር ላይ ሲያስነጥስ ይዞራል። አንዳንዴማ ጡቴን በአፉ እንደያዘ ስለሚዞር የምጮኸው እኔ ነኝ፤ እሱ ደንግጦ ያየኝና ይስቃል። ጡቴም ለሰለሰ፣ ሸሚዜም መርጠቡን ተወ። እኔ ሞኟ ተመስገን፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

አማቴ ለካ ሌላ ነገር ነው የሚያዩት። ያንቺን ቃል ከሰሙ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ድረስ መጥተው ጡቴን በሁለት ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጉታል፣ አቮካዶ የሚመርጡ ይመስል። ራሳቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። በአማት እጅ ላይ እጅ አይነሳ ነገር! ጥርሴን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

በዚህ መሀል ድንቡሼ በድንገት አመሉ ተቀየረና እንደ ጨቅላነቱ ሆነ። ጠብቶ ሳያበቃ ደግሞ አምጪ ይላል፣ ስሰጠው ያጉረመርማል፣ ጡቴን በቡጢ ይመታል። አማቴ ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም። በማግስቱ ለምሳ ስመጣ ልጄን በጡጦ እያጠቡት አገኘኋቸው። የዱቄት ወተቱን ጣሳ የገዛው ባሌ ነው። ድንቡሼ ያን ወተት ግጥም አድርጎ ጨርሶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። «አየሽ፣ ርቦት ነበር» አሉኝ። ባሌን ወደ ደጅ ጠርቼ ምን ማለትህ ነው ስለው አንገቱን ደፍቶ፣ እናቴን እምቢ ልበላት እንዴ አለኝ። ባልሽ ቢሆን እንዲህ ይልሽ ነበር? ይልሽ ነበር፣ ብሎሽማል።

ከሰዓት በኋላ ጡቴ ሞልቶ፣ የሚጠባው ሳይኖር ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ እየተከልኩ እንባዬ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። አለቃችን ቶሎቶሎ (ስሟ አይደለም፤ ከዚህ ሌላ ቃል ስለማትናገር እኛ ነን ያወጣንላት) መጥታ አየችኝ፣ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፣ በወተት የራሰ ሸሚዜን ስታይ ግን ዘጋችው። ውጪና ልጅሽን ጤና ጣቢያ ውሰጂ አለችኝ። ቶሎ ቶሎ አለማለቷ ነው የገረመኝ።

አማቴም አብረውኝ ሄዱ፤ ነርሷ እንድትፈርድልኝ ሳይሆን እንድትፈርድብኝ። ነርሷ ድንቡሼን ራቁቱን ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፤ እሱም ሸናባት። ኪሎውን አይታ ሳቀች። ሲጠባ ተመለከተችው፣ ስንት ዳይፐር እንደሚያረጥብ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ጤነኛ ነው፣ ወተትሽም አለ አለች። ጡት መጀመሪያ ላይ ልኩን ስለማያውቅ ይወጠራል፣ ይፈሳል፤ በኋላ የልጁን ልክ ያውቅና ይለሰልሳል፤ መለስለስ መድረቅ አይደለም አለች። ልጁ ቶሎ የሚለቀው ጉልበት ስላገኘና መሳብ ስለቻለ ነው፤ የሚዞረው ዓይኑ ስለተከፈተ ነው። አንዳንድ ሰሞን አልጠግብ የሚለው ደግሞ ሲያድግ ነው፤ አብዝቶ ሲጠባ ጡቱም ያበዛለታል አለችኝ። ይኼ ለኔ ለሰፊዋ አልከበደኝም፤ ትዕዛዝ ሲበዛ ነው ብዙ የምንሰፋው። ትዕዛዙ ወደ ሌላ ቤት ከሄደ መኪናው ይቆማል። ጡጦ በገባ ቁጥር ካንቺ ይቀንሳል፣ ከቀጠላችሁ እውነትም ይደርቃል አለች፣ ወደ አማቴ ዞራ።

ይነጥፋል ያለሽ ማነው ብላ ስትጠይቀኝ እህቴ አልኳት። የሷስ እንዴት ሆኖ ነው አለችኝ። አንቺ ስንት ጊዜ ያወራሽልኝን እኔም አወራሁላት፦ ጡትሽ ድንገት መለስለሱን፣ ልጅቷ ሳብ ሳብ አድርጋ መልቀቋን፣ እየጠባች መንገደኛ ማየቷን፣ ከዚያ አንድ ሰሞን አልጠግብ ማለቷን፣ ከዚያ አማትሽ ጡጦ ማምጣታቸውን፣ ከዚያ መድረቅሽን። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እህትሽ ምንም አልሆነችም ነበር» አለችኝ። መጀመሪያ ጡጦው መጣ፤ መድረቁ ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ግን ሁልጊዜ ገልብጠሽ ነው የምታወሪው። ያን ስሰማ አዘንኩልሽ ብል ውሸቴን ነው። ደሜ ነው የፈላው። ያንቺን ልጅ የወሰደብሽን ነገር ነው አፍሽን ሞልተሽ ለኔ የመከርሽው!

አማቴ ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ያላገባች ልጅ ስለጡት ምን ታውቃለች፤ እህትሽ ሦስት ወልዳለች አሉ። ቤት ገብተው የድንቡሼን ልብስ አጥበው ሰቀሉ፣ ሲደርቅ አጣጥፈው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱ። ባሌም አንቺን ነው የሚጠቅሰው። ጉዱን አየሽው? በሽታውም አንቺ፣ ሐኪሙም አንቺ ሆነሻል።

ስለዚህ ትደውያለሽ። ለኔ አይደለም፣ ለባሌ። ድምፁን ክፈተው፣ እናትህም ይስሙ ትይዋለሽ። ከዚያ እኔ አልነጠፍኩም ነበር፣ ወተት እያለኝ በጡጦ አስደረቁኝ፣ ልጄንም በከንቱ ነው የሰጠኋት ትያለሽ። እንዲሁ፣ ሳታለዝቢ። ተሳስቼ ይሆናል፣ እንደየሰው ነው የሚባል ነገር አልፈልግም። ይህን በአፍሽ ማለት ምን እንደሚያህል አውቃለሁ። ያምሻል። ይመምሽ። ካልደወልሽ እሁድ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ ልጄን ከእጃቸው እነጥቃለሁ፤ ሰው ይሰብሰብ፣ ትዳሬም ይፍረስ። ያኔ እህት አለችኝ አልልም፣ አንቺም አትበዪ።

በይ እንግዲህ፣ ባልሽን ሰላም በዪልኝ፤ እሱ ምንም አላደረገኝም። ሁለቱን ወንዶች ጉንጫቸውን ስመሽ፣ የሰፋሁላቸው ቁምጣ ካጠረ ልኩን ላኪልኝ። አከራይሽን አሮጊቷንም ጉልበታቸው እንዴት ሆነ ብላለች በዪልኝ። ለመጀመሪያዋ ልጅሽ ግን ሰላምታ ባንቺ በኩል አልልክም። አያቷን እማዬ፣ አንቺን እትዬ እያለች ነው ያደገችው፣ አንቺም ለምደሽዋል። ለእኛ እንደደወልሽ ነጠላሽን ልበሺና ሂጂ፣ አግኚያት። እትዬ ብላ ስትጠራሽ ወዬ አትበያት።

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ