ስሙ ያልተጠራው የዙወይራ በኩር

ለተከበሩ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤታችን ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ያ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የሆነው ቢሮዎ በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከካትሲና ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የገጠር ጤና ጣቢያ ለተግባር ልምምድ የላኩኝ ተማሪዎ ነኝ፤ ጤናዬ ደህና ነው፣ ሰው ቀና ብሎ ማየት ግን አቅቶኛል። ምስጋናዬ በቅደም ተከተል እነሆ፦

፩ኛ. ከታካሚ ጋር ስለ መነጋገር ከባሕር ማዶ በመጣ መጽሐፍ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ እናቶች ሁሉ የልጃቸውን ስምና ዕድሜ ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

፪ኛ. «የልጁን ስም መናገር ለማይችል ሰው የሕፃን መድኃኒት አይሰጥም» የሚለውን ቅጽ ስላስጨበጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዙወይራ የምትባል ወጣት በወባ ትኩሳት የሚነድ ልጅ አዝላ ስትመጣ፣ የአማቷ እኩዮች የሆኑ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ልጁ ያንቺ ነው?» አልኳት። ግድግዳውን እያየች «የቤት ልጅ ነው» አለች። ስሙን ስጠይቃት ዝም አለች። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ «ስሙን የማታውቂውን ልጅ ከየት አመጣሽው?» ብዬ ባዶ እጇን ሰደድኳት። በእኛ ዘንድ እናት የበኩር ልጇን በታላላቆች ፊት የእኔ እንደማትል፣ ስሙንም እንደማትጠራ ቅጹ አያውቅም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። ከወጣች በኋላ ዘበኛው ማላም ጋምቦ «አንተ፣ ያንተስ እናት አንድ ቀን በስምህ ጠርታህ ታውቃለች?» አለኝ። እኔም በኩር ነኝ። ሮጬ ልመልሳት እችል ነበር። ቅጹ ላይ ስለፈረምኩ አልተነሣሁም።

፫ኛ. በሦስተኛው ቀን የባሏ እናት ልጁን ትኩሳቱ እያንፈራገጠው ይዘውት መጡ። ስሙ ኢሊያሱ መሆኑን፣ ዕድሜውንም ተናገሩ፤ ቅጹ በሚገባ ስለተሞላ እንኳን ደስ አለዎት። ልጁ ተረፈ፣ ጆሮው ግን አልተረፈም። ዙወይራ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ዛሬም ዝቅ ብላ «ዶክተር» እያለች እጅ ትነሣኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመጪዎቹ ተማሪዎች ከመጽሐፉ ሌላ ማላም ጋምቦን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢጋብዙላቸው ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይለቅ እፍረት ጋር፣
ትእዛዝዎን አንዲት ሳያጎድል የፈጸመው ተማሪዎ፣
ሱራጆ ባዋ

ማሳሰቢያ፦ ከታካሚ ጋር በመነጋገር ትምህርት ዘጠና አራት ሰጥተውኝ ከጎኑ «ደንብ አክባሪ» ብለው ጽፈውልኛል። ወረቀቱን ከዚህ ጋር መልሼልዎታለሁ። ቤት ላስቀምጠው አልቻልኩም፤ እናቴ ማንበብ ትችላለች።