ጋቢ ውስጥ ያየነው መብረቅ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

የጋሼ ዱካሞ አሮጌ ጂፕ ዛሬም ጋራዥ መጣች። እሁድ እሁድ ብቻ ሞተሯ እየተቆራረጠ ታንገበግባቸዋለች። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሯን አጸዳሁ፣ የነዳጅ መስመሯን ነፋሁ፤ ወይ ፍንክች! ባለፈው እሁድ መንገድ ላይ ቆማ፣ ጋሼ ከቱላ ወደ ቸርች የሚያመጧቸው አሮጊቶች በዚያ ጭቃ በእግራቸው ሄዱ። እሳቸውም አፍረው ሊሸጧት ቆርጠዋል።

ዛሬ ግን ከኮፈኑ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ።

"ጋሼ፣ ሞተሩንም ያጥቡታል እንዴ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ነዋ! ውስጧ ቆሽሾ እግዚአብሔር ቤት ትሂድ?"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሞተሩን አስነሳሁ። ያው ተቆራረጠ። እሳት የሚያፈስ ነገር ካለ ለማየት ጨለማ ስለፈለግኩ ጋቢያቸውን ተቀብዬ ሁለታችንንም ሸፈንኩና ሞተሩ ላይ ጎንበስ አልን።

ከካንዴላው ገመዶች ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ይዘላል። የተሰነጠቀ ገመድ ሲረጥብ እሳት እንደሚያፈስ አውቃለሁ፤ ለስንቱ ደንበኛ አስረድቻለሁ። እንዲህ ሲያምር ግን አይቼ አላውቅም። ከከተማችን ሐይቅ ማዶ ዝናብ ሲመጣ የሚያብለጨልጨው መብረቅ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ የተሰበሰበ መሰለኝ።

"ይሄን ተሸክሜ ነው አሮጊቶቹን የማመላልሰው?" አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

"አዎ ጋሼ። በሉ ሞተሩን ላጥፋና ገመዱን ልቀይረው።"

በጨለማው ውስጥ እጄን ያዙኝ።

"ቆይ ልጄ፣ ትንሽ እንየው።"