ቅመም ያልከው አቧራ

ለውድ ወንድሜ ለደምለው ያረጋል፣

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የጃፓን ብርድ ገባ ወይስ ገና ነው? እህል ውኃውስ ተስማማህ? እኛ ከአባባ በቀር ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። “ከአባባ በቀር” ማለቴን ልብ በል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ክፉ ወሬ ከታች ነበር የምጽፈው፤ ዛሬ ግን ሰላምታውን እንኳ ማስረዘም አልቻልኩም።

ስልክ ከተቋረጠ ወር ስላለፈው ነው በደብዳቤ የመጣሁብህ። ባለሱቁ ሷሊህ ነገ ጎንደር ይሄዳል። እዚያ የምትማረው ልጁ ከውሰር ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 11 ቀን ከሰዓት በኋላ ሰሊጥ ስናራግፍ ሰማዩ እንደ ከባድ መሣሪያ ጮኸ። ለምደነዋልና ሁላችንም ከሰሊጡ ክምር ሥር ተደፋን። ጸጥ ሲል ተነሥተን ብናይ ከማሳው ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ መሬቱን ሰርስሮ ገብቷል። ጡጫ ቢያክል ነው፤ ክብደቱ ግን የብረት ነው። ባለቤቴ ደሴ አትንኩት እያለ አባባ አንሥተው በፎጣቸው ቋጠሩት።

በጳጉሜን ደውለህ ስለ ሥራህ ያጫወትከን ትዝ ይልሃል? የስልኩን ድምፅ ከፍተን ሁላችንም ሰማንህ። መንኮራኩር ሰማይ ላይ ከሚዞር ዓለት ጭብጥ የማትሞላ አቧራ አሽጎ እንዳመጣ፣ አንተም ያንን አቧራ ወደ ምድር ከወደቁ ድንጋዮች ጋር እያስተያየህ ዝምድናቸውን እንደምትመረምር ነገርከን። የወደቀው እያለ ስለምን ያን ያህል ትደክማላችሁ ብዬ ብጠይቅህ፣ ሸራ ላይ የተራገፈ ሰሊጥና ከመሬት የተጠረገ ሰሊጥ አንድ ነው ወይ አልከኝ። የወደቀው ሲወርድ ይቃጠላል፣ ዝናብና አፈርም ይገባበታል፤ አቧራው ግን ምንም ያልነካው ነው አልክ። ይሄ ገባኝ። ቀጥለህ ግን አቧራው ውስጥ “የሕይወት ቅመም” አገኘን አልክ። እኔ ኬሚካል ማለትህ እንደሆነ ገምቻለሁ፤ አስረኛ ክፍል መድረሴ ለዚህ እንኳ ጠቀመኝ። አባባ የሰሙት ግን ቅመም ነው። ቅመም ደግሞ ይበላል።

ካላዛር ከያዛቸው ወዲህ እንዳልበረቱ ታውቃለህ። መብረቅ የጣለውን ድንጋይ ፍቆ ለበሽተኛ ማጠጣትም ከድሮ ሰዎች የሰሙት ነው። ስለዚህ በየማለዳው ድንጋዩን በሞረድ ፍቀው በማር በጥብጠው ይጠጣሉ፤ ይኸው ሃያ ቀን አለፋቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት በረታሁ ብለው ማሳ ወረዱ፤ እኔም ሞኟ ደስ አለኝ። አሁን ያስመልሳቸዋል፣ ዓይነ ምድራቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ እግራቸውም አልታዘዝ ብሏል። ጤና ጣቢያ ብወስዳቸው ነርሷ ፍቅርአዲስ መጠጣቱን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ጎንደርም ይሂዱ አለች። ደግሞም የሰማይ ድንጋይ ስለጠጣ ሰው ያስተማረን የለምና ምን እንዳለበት የሚያውቅ ጠይቂ አለችኝ። የሚያውቅ ሰው ያለኝ አንተ ነህ።

አባባ ግን መድኃኒቴን ሳልጨርስ የትም አልሄድም ብለዋል። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ ድንጋዩንም ደበቅሁት። የደበቅሁት ዕለት እህል ሳይቀምሱ ስለዋሉ መለስኩላቸው። ለምን እንደማይሰሙኝ ልንገርህ፣ አትዘን። ድንጋዩን አንተ የላክኸው ነው የሚመስላቸው። ከሄድክ ስድስት ዓመትህ ነው። ሰማይ ላይ የሚሠራ ልጅ አለኝ፣ መንገዱ ቢዘጋበት መድኃኒቴን በዚያው በኩል ጣለልኝ ብለው ለመንደሩ ሁሉ አውርተዋል። ሰው እንዳይስቅባቸው ብዬ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔም ነው። አሁን መርዝ ነው ብላቸው ልጅዎ መርዝ ላከልዎት ማለቴ ይሆናል።

እፈራለሁ ደምለው። ያን ሁሉ ተኩስ ስንሰማ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ማለዳ የሞረዱን ድምፅ ስሰማ ከቤት ወጥቼ እሄዳለሁ። ድንጋዩ አሁን የእንቁላል ያህል ቀርቷል።

እባክህ ለእኔ እውነቱን ጻፍልኝ፣ ክፉም ቢሆን አትሸፍን። ለእርሳቸው ደግሞ በድምፅህ ቀድተህ ላክ፤ ከውሰር በአባቷ ስልክ ትጭነዋለች፣ ሷሊህም ቅዳሜ ይመለሳል። አልላክሁም ብትላቸው ይሰበራሉ፣ ልኬዋለሁ ብትላቸው ይጨርሱታል። እንዴት አድርገህ እንደምትላቸው አላውቅም። ያን ቃል ያመጣኸው አንተ ነህና ሌላ ቃል ፈልግለት።

ደሴ ሰላም ይልሃል፣ ከድንጋዩ ጋር እንደተኳረፈ ነው። ልጄ መስከረም እጅ ነሥታለች። ሷሊህም ሰላም ብሎሃል፣ ባለቤቱ ሉባባ ለአባባ ዱዓ እያደረገች ነው። አባባ ራሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ስጽፍ ያዩኛል፤ ፊደል አለማወቃቸው ዛሬ በጀኝ። ይህን ጨምሪልኝ ብለውኛል፦ ልጄ ሆይ፣ የላክኸው ደርሶኛል። ሊያልቅብኝ ነውና ካለህ ጨምርልኝ።

እህትህ ባየሽ ያረጋል
ሽንፋ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.