ፋይሉን ያከበደው

ሰኞ፣ ኅዳር 9

መብራት አለ ዛሬ፣ ተመስገን። የአምናውን የችግኝ ማኅበርተኞች ዝርዝር ከኤክሴሉ አጥፍቼ የዘንድሮውን ጻፍኩ። እስከ ዓርብ ደሴ መድረስ አለበት። በኢሜይል ልልክ ብል… እምቢ። ከብዷል ይላል። ምኑ ነው የከበደው? ስሙን ከነረድፉ አጥፍቼዋለሁ፤ እሱ ግን ቅንጣት አልቀነሰም!

ሰብሳቢያችን አቶ ዝናው መጥቶ ቆመብኝ። «ሰብሌ፣ ሰዉ ወጥቶ ቤቱ ካልቀለለ የሸሸግሽው አለ ማለት ነው።» ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እንደ ነገሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እህቴ ተሻለች ቢሮ ድረስ መጣች። ልጇ ፋና ባሕር ላይ ቀረች… ከጅቡቲ በጀልባ ስትሻገር። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። እሁድ ፎቶዋን አቁመን ለቅሶ ልንቀመጥ ነው። የቱን ፎቶ? የነበረው በጦርነቱ ከቤቱ ጋር ነደደ። ስልኳም አብሯት ሄደ።

«አምና ማኅበር ስትገባ አንስተሻት አልነበር?»

አንስቻታለሁ። ኤክሴሉ ላይ ከስሟ ጎን ለጥፌው ነበር። ያነሳሁበት ስልክ ደግሞ ከተሰረቀ ቆየ።

«ትናንት አጠፋሁት፣ እቴ…»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ላፕቶፑን አቅፌ ሒክማ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። «እትዬ ሰብሌ፣ ወላሂ ይኸ ፋይል ነፍሰ ጡር ነው!» ነካ ነካ አደረገችና፣ «ሥዕል አለበት፣ ልጨምቀው?» «ጨምቂው፣ ብቻ ይሂድልኝ!» ቀለለ። ሄደ። መርቄያት ወጣሁ።

መንገድ ላይ ነው የመጣልኝ። የምን ሥዕል? አጥፍቼው የለም እንዴ? ሮጬ ተመለስኩ፣ በዚህ ጉልበቴ።

ለካ ረድፉ ሲጠፋ ፎቶው አይጠፋም። ቁመቱ ተጣብቆ ክር አክሎ፣ የሁሉም ባንድ ላይ ተደራርቦ፣ እዚያው ተኝቶ ነበር። ትናንት «አጠፋሁት» ስላት ነበረ!

ሒክማ የፋናን ፈልጋ ዘረጋችው። ቡናማና ቢጫ ብቻ። ክር አክሎ ሳለ ስለተጨመቀ ፊቱ አልተረፈም አለችኝ። እዚያው ላይ ሴቭ አድርጋዋለች፣ ሌላ ቅጂ የለ። «ሱብሐነላህ፣ ምነው አስቀድመሽ ብትነግሪኝ…» አለቀሰች ልጅቷ። ምን ብዬ ልንገራት? መቼ አውቄ?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ደሴዎች «ጥርት ያለ ዝርዝር» አሉ አሉ። ዝናው ጨበጠኝ። ያጠፋሁበትን እጄን ታጠብኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ሒክማ ያንኑ ፎቶ አትማ ከእናቷ ጋር ለቅሶ መጣች። ለተሻለች ልስጣት፣ ልተው… ስል ቆይቼ ሰጠኋት።

ተሻለች ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። «ቢጫው ሻሿ ነው» አልኳት።

«አወቅሁት። ዓይኗስ? የቱ ጋ ነው?»

እኔስ በምን አውቄ? ጣቴን ቡናማው ላይ አሳረፍኩ።

«እዚህ ጋ፣ እቴ።»

እዚያው ላይ ሳመቻት።