ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር

ውድ ሙልዋ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ያልተዘመዘመ የደንብ ልብስ ተከምሮ ይጠብቀኛል፤ ይጠብቀኝ። ብዙ የምነግርህ ወሬ አለኝ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ውሸቴን ልናዘዝልህ።

ቦንዱ ጊዜው አልደረሰም ነበር።

ሆስፒታል ተኝተህ፣ “አስር ዓመቱ ሞላ ማለት ነው?” ብለህ ስትጠይቀኝ፣ አዎ፣ መንግሥት ገንዘቤን ሙሉውን መለሰልኝ አልኩህ። አንተም ደረትህን በእጅህ ደግፈህ ሳቅህና፣ “ያ ሰነፍ ገንዘብሽ በመጨረሻ አንድ ቀን ሥራ ሠራ!” አልከኝ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ቦንዱ ግን የአስራ አምስት ዓመት ነበር። ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር።

አስር ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ስንከራከር ኖረናል። አንተ የሲሚንቶ መኪና ስትነዳ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ አክሲዮን ሲሸጥ፣ አንዱን በአርባ ሽልንግ ሂሳብ ገዛህ። በአቲ ሪቨር ከተማ ባለፍን ቁጥር የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ በጣትህ እያሳየህ፣ ከዚያ ጭስ ውስጥ የኔም አለበት ትለኝ ነበር፤ ማታቱ ታክሲው ውስጥ የተሳፈረው ሰው ሁሉ እስኪሰማህ። እኔ ደግሞ ከስፌት ያጠራቀምኩትን ስድስት መቶ ሺህ ሽልንግ ቦንድ ገዝቼ ለመንግሥት አበደርኩ። መንግሥት በዓመት ከመቶ አስራ ሁለት ወለድ እየከፈለኝ፣ ጊዜው ሲሞላ ዋናውን ሊመልስልኝ ፈረመ። አንተ፣ እኔ ከፋብሪካው ጋር እወድቃለሁ፣ ከፋብሪካው ጋር እነሳለሁ፣ አንቺ ግን አበድረሽ ትተኛለሽ እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። አዎ፣ እተኛ ነበር። አንተ ሬዲዮ ከፍተህ የገበያ ዋጋ ስትሰማ እኔ አንኮራፋ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ሽልንጉ ረከሰ፣ ነዳጅ ተወደደ፣ ኑሮው አልቀመስ ሲል ማዕከላዊው ባንክ ወለድ ጨመረ። ደግሞ ጨመረ። ተበድሮ ቤት የሚሠራ ጠፋ፣ ሲሚንቶው መጋዘን ውስጥ እየደነደነ ቀረ። ፋብሪካው ራሱ የባንክ ዕዳ ስለነበረበት ወለዱ ትርፉን በላው፣ ሾፌሮችም ተበተኑ። ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ፣ መንግሥት ላቡን ሳያፈስ ከመቶ አስራ ስድስት ወለድ እየሰጠው በፋብሪካ ምን አስጨነቀው? አክሲዮኑን እየሸጠ ወደ አዲሱ ቦንድ ሄደ። ዘጠና ሽልንግ ደርሶ የነበረው አክሲዮንህ ሠላሳ አንድ ገባ። በዚያው ሰሞን ነው የልብህ በር ተበላሽቷል፣ ቀዶ ጥገናው ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየት የለበትም የተባልነው። መድኑ ከሸፈነው ሌላ ግማሽ ሚሊዮን ሽልንግ ጎደለን።

አክሲዮኑን ሽጪው ብለህ ፈረምክልኝ። ያንተን አክሲዮንና የኔን ቦንድ፣ ሁለቱንም ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ናይሮቢ ወረድኩ። የአክሲዮንና የቦንድ ደላላው ቢሮ ውስጥ ያገኘኋት ልጅ ካቪንያ ትባላለች፤ የሙዋላ አገር ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ ከልጃችን ከንዲንዳ አይበልጥም። ቦንዴን አይታ፣ ዛሬ ከሸጡት ከመቶው ሰማንያ ሰባት ያገኙበታል አለችኝ። ያጭበረበረችኝ መሰለኝ።

“መንግሥት ከሰረ እንዴ?” አልኳት።

“አልከሰረም፣ እማማ። ይልቅ ልጠይቅዎት፤ በዓመት አስራ ሁለት ቅርጫት የሚሰጥ የማንጎ ዛፍ ልሸጥ ብለው ቢነሱ፣ ጎረቤትዎ ደግሞ አስራ ስድስት ቅርጫት የሚሰጠውን በዚያው ዋጋ ቢሸጥ፣ የእርስዎን ማን ይገዛል?”

“ማንም።”

“ቢቀንሱለትስ?”

“ያኔማ የሚገዛኝ አላጣም።”

“ይኸው ነው። ቦንድዎ አልታመመም። አዲሱ ወለድ ሲወጣ የድሮው ቦንድ ዋጋ ይወርዳል፣ አዲሱ ሲወርድ የድሮው ይወጣል። አምስት ዓመት ቢጠብቁ መንግሥት መቶውን ሳያጎድል ይሰጥዎታል። የሚጎዱት ዛሬ ከሸጡት ብቻ ነው።”

“መጠበቅ የማይችል ሰው አለብኝ” አልኳት።

 ቀስ ብላ፣ የትኛውን ልሽጥልዎት ብላ ጠየቀችኝ። አክሲዮኑ ከዘጠና ሠላሳ አንድ ገብቷል፣ ቦንዱ ከመቶ ሰማንያ ሰባት፤ ትንሽ የተጎዳውን ሽጪ አልኳት። እሷም ልክ ነዎት አለችኝ። ለእሷ የነገርኳት ምክንያት ይህ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፣ ሙልዋ። ከቀዶ ጥገናው ወጥተህ፣ በዚያ መንገድ አልፈህ፣ ጭስ ማውጫውን አይተህ ዝም ስትል ማየት አልፈለግሁም። እውነቱን ብነግርህ ደግሞ ከአልጋህ ወርደህ ወደ ቤት ትሄድ ነበር፤ አውቅሃለሁ።

አምስት መቶ ሃያ ሁለት ሺህ አገኘሁ። ሰባ ስምንት ሺህ ሽልንግ ቀረብኝ። በምትኩ ሐኪሞቹ ካንተ ጋር አስራ አራት ወር ሰጡኝ። በእነዚያ ወራት ጣሪያው ላይ ወጥተህ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ቀየርክ፣ የንዲንዳን ልጅ ብስክሌት አስተማርክ፣ እኔን አርባ ጊዜ አናደድከኝ። አልጸጸትም። የምጸጸተው አንድ ነገር ቢኖር፣ ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠን ይህን ሳልነግርህ መቅረቴ ነው።

ከቀብርህ ሦስት ሳምንት በኋላ ወንድምህ ሙሴምቢ መጣ። ንዲንዳም ከሞምባሳ መጥታ ነበር። የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮውን፣ ሙቶኮዩን፣ በልተን ስንጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ አክሲዮኑ ሃያ ስምንት መግባቱን፣ ወለዱ ገና እንደሚጨምር ነገረን። አክሲዮኑን ሸጬ፣ ከጡረታህ በደረሰኝ ገንዘብ ላይ ጨምሬ፣ ማቱ ከተማ አካባቢ ከእሱ ጋር መሬት እንድገዛ ፈለገ። ክፋት የለበትም፤ ፈርቶ ነው። ንዲንዳም ከአጎቷ ጋር ሆነች።

“የንዲንዳ እናት፣ ወንድሜ የደከመበት ነገር ወረቀት ሆኖ ሲቀር ዝም ብዬ አላይም” አለኝ።

ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁ።

“ጋሼ ሙሴምቢ፣ አንድ ጊዜ ቸግሮኝ ሸጫለሁ፤ ሰው ላድን። ፈርቼ ግን አልሸጥም። ፋብሪካው አልተቃጠለም፣ ድንጋዩም አላለቀም። ወለዱ የወጣበት ቀን እንዳለ የሚወርድበትም ቀን አለ።”

“ባይወርድስ?”

“ባይወርድ ከመንግሥት ከመቶ አስራ ስድስት እበላለሁ። የጡረታውን ገንዘብ በአዲሱ ቦንድ አስገባዋለሁ።”

የመጀመሪያውን ቦንድ ያለጊዜው መሸጤን ያወቁት ያን ቀን ነው። ንዲንዳ ተነስታ ወጣች፤ ውጭ ቆማ ስታለቅስ ሰማኋት። ሙሴምቢ ኮፍያውን አንስቶ ሄደ፣ ሦስት ወርም አላናገረኝም። እኔ በሳምንቱ ካቪንያ ዘንድ ሄጄ ያልኩትን አደረግሁ። አሁንም የአስራ አምስት ዓመቱን ነው የገዛሁት።

ወዲያው የሆነ ነገር የለም። አክሲዮኑ ሃያ አምስት ሲገባ በልቤ አንተን ሰደብኩህ። ከዚያ ሽልንጉ ጠና፣ ባንኩም ወለዱን በየሁለት ወሩ ትንሽ ትንሽ ይቀንስ ጀመር። ያልተጨረሱ ፎቆች ላይ እንደገና ሠራተኛ ታየ። ያንተ አክሲዮን ዛሬ ሃምሳ ሁለት ሽልንግ ነው። የኔንም ቦንድ አሁን ብሸጠው፣ አዲሶቹ እንደሱ ስለማይከፍሉ፣ ለመቶው መቶ አስራ አራት ይሰጡኛል። ንዲንዳ ደውላ፣ እማ አሁን ሽጪው እንጂ አለችኝ። በፍርሃት ያልሸጥኩትን በጉጉት አልሸጥም አልኳት። ሙሴምቢስ? ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎተት አድርጎኝ፣ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ፣ “የዚያች ልጅ ቢሮ የት ነው ያልሽኝ?” አለኝ።

ባለፈው ወር የባለአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ጉባኤ ሄድኩ። አንተ አንድም ቀን አልሄድክም፤ የሱፍ ልብስ የለኝም ትል ነበር። በሩ ላይ ያለው ልጅ ስምህን መዝገቡ ላይ አይቶ፣ የእሱ ተወካይ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

“ባለቤት ነኝ” አልኩት።

የእሱ ነዎት ወይስ የአክሲዮኑ ሳይል አስገባኝ። ሊቀመንበሩ ለአዲስ የሲሚንቶ ምድጃ ብዙ ገንዘብ ሊበደሩ ማሰባቸውን ሲናገር እጄን አወጣሁ። ወለዱ ተመልሶ ቢወጣስ፣ ያኔ እንደ በፊቱ ሾፌሮቹን ነው የምትበትኑት ብዬ ጠየቅሁ።  ረጅም መልስ ሰጠኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። ድምፅ ሲሰጥ እምቢ አልኩ፣ ተሸነፍኩም። በሚቀጥለው ዓመት ግን የምድጃውን ነገር ካቪንያ ዘንድ አጥንቼ ነው የምሄደው።

አሁን ወደ ልብሶቹ ልመለስ። አዲሱ ቦንድ ጊዜው ሲሞላ ሰባ አምስት ዓመት ይሆነኛል። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ብሎኛል፣ ቀንሻለሁ። ጠዋት ጠዋት እስከ ወንዙ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። ያንን ገንዘብ ወራሽ አይቀበልልኝም፤ እኔው በእግሬ ሄጄ፣ መቶውን ከመቶ እቀበላለሁ።

የማትሸጥህ፣
ካቱንጌ