የከተማው ሰው የተጠየቀ ዕለት

የካቲት 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

ብርድ። ምጽዋ ወደብ ስሠራ የለቃቀምኋት ጣሊያንኛ የጣሊያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ ካደረገችኝ ዓመት አለፈ። ዛሬ ቢሮው ስገባ ጠረጴዛው ላይ የደብረ ማርቆስን ፕላን ዘርግቷል፤ አዲስ መንገድና ወንዝ ማዶ የሚቆም የእስላም ሰፈር ተሰምሮበታል። የከተማውን ሰው ሰብስብልኝ አለኝ። ከተማቸው ወደፊት ምን እንድትመስል እንደሚፈልጉ ሊጠይቃቸው... ጣሊያን ደግሞ ሊጠይቅ? ደስ አለኝ። ባለቤቴ ደብሪቱ ግን ስነግራት ጥጧን መፍተሏን ቀጠለች።

የካቲት 8

ገበያው ሜዳ በሰው ሞላ። ፕላኑን ነግሬያቸው ተናገሩ ቢባል የተነሣ የለም። ባለፈው ሳምንት ስለ ግብር ያጉረመረመ ሰው ታስሯል... ማን ይደፍራል?

በመጨረሻ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ተነሡ። ጨው የሚሸጡ መበለት ናቸው፤ ቤታቸው ከምንጩ አጠገብ ነው። መንገዱ በምንጩ ላይ አይለፍ አሉ፤ ከተማው የሚጠጣው ከሱ ነው። እስላሙንም ወንዝ ማዶ አትውሰዱብን፣ ጎን ለጎን ሸጠን የኖርን ነን አሉ። የጨርቅ ነጋዴው አብዱልቃኒ እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሌላም ብዙ ተናገሩ።

ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞረ። ምን አሉ?

ፈራሁ። ለሳቸው ወይስ ለራሴ?

"መንግሥት የወደደውን ያድርግ ይላሉ" አልሁት።

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት አዩኝ። "ልጄ፣ የኔ ቃል በጣሊያንኛ እንዲህ አጭር ነው?"

ፊቴን ወደ ካፒቴኑ መለስሁ።

ሚያዝያ 20

የመንገዱ ካስማ ተተከለ። በምንጩ በኩል።

ግንቦት 2

የወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ቤት ፈረሰ። ምንጩ ተደፈነ። ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ቁይ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። አብዱልቃኒም ከነሰፈሩ ወንዝ ማዶ ተወሰደ። በአጠገቤ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም። ደብሪቱ ውኃ ፍለጋ በጠዋት ወጥታ የተመለሰችው ረፋዱ ላይ ነው። እንስራውን ላወርድላት ብል፣ ተወው አለች።

ሰኔ 14

ካፒቴኑ ተዛወረ። ፕላኑን ሲጠቀልል ጠየቅሁት፤ ምንጩን መተው አይቻልም ነበር ወይ? መልሶ ዘረጋልኝ። በእርሳስ የተሰመረ ሌላ መንገድ አለ... ምንጩን ዞሮ የሚያልፍ።

"የተቃወመ ስላልነበረ አጭሩን መረጥሁ" አለ።

እውነቱን ይሆን? ወይስ መሄጃው ደርሶ ስለሆነ? ቢነገረው ይሰማ ነበር? አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር 6 ቀን 1932 ዓ.ም.

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ቁይ ላይ አረፉ አሉ። ዛሬ ነገ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ እያልሁ...

ግንቦት 10 ቀን 1933 ዓ.ም.

ጣሊያን ከወጣ ወር አልፏል። ሽማግሌዎች ከተማችን እንዴት ትሁን ብለው ሰው ጠሩ። ከኋላ ተቀመጥሁ። ሸንጎውን የሚመሩት አለቃ አካለ ወልድ ዓይናቸው ደክሟል፤ አንተ ጻፍልን አሉኝ።

ብዕሩን መቀበል አልቻልሁም። ያን ቀን ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ያሉትንና እኔ ያልሁትን ቃል በቃል ነገርኋቸው። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። አለቃም አቀረቀሩ።

ከዚያ አብዱልቃኒ ተናገረ። "ይጻፍ። ግን ሲጨርስ ያንብብልን።"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጻፍሁ። ምንጩ ይቆፈር፣ ገበያው አንድ ይሁን፣ ማዶ ያለው ሰው ወደ ቦታው ይመለስ... ከዚያ ቆሜ አነበብሁላቸው።

ሦስት ቦታ ላይ አረሙኝ። ሦስቱንም አስተካከልሁ።